ኤፍ 3 ስጫን መዝሙሩ ጮኸ፤ አቋራጮቼ የት ገቡ?

የማርቆሷ ጸሐፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ለብዙዎቻችሁ ተራ ነገር ይመስል ይሆናል፤ ለእኔ ግን እንጀራዬ ነው።

ደብረ ማርቆስ፣ ፍርድ ቤት አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለችኝ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ የምታነክስ ፎቶ ኮፒ። ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ፣ ውል፣ አንዳንዴም የሠርግ ጥሪ እጽፋለሁ። 14 ዓመት ሆነኝ። ይህን ሁሉ ዓመት የጻፍኩት በዎርድ 2003 ነው። አትሳቁ። ይሠራል፣ አያስቸግርም፣ ታዲያ ለምን እቀይረዋለሁ?

እኔ ዎርድ 2003ን የምወደው በኦቶቴክስቱ ነው። ለማታውቁት፦ አንድ አንቀጽ ትጽፋላችሁ፣ አጭር ስም ታወጡለታላችሁ። ከዚያ በኋላ ስሙን ጽፎ ኤፍ 3 መጫን ብቻ ነው፤ አንቀጹ ዱብ ይላል። «ማረ» ብዬ ስጫን «ያቀረብኩት ክስ በፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ. 92 መሠረት በእውነት የቀረበ መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይመጣል። ማረጋገጫ ለማለት ነው፤ ቁጥሩ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ነው። «ጸና» ስል «ይህ ውል በፍ/ብ/ሕ/ቁ. 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው» ይላል። «ገደ» ደግሞ ውል ያፈረሰ ወገን ስለሚከፍለው ገደብ፣ ማለትም የቅጣት ገንዘብ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉን 1889 ጠቅሶ፣ አራት መስመር ነው። ቆጥሬያቸው አላውቅም፤ ከመቶ ግን ያልፋሉ። አንዳንዶቹን መቼ እንዳስገባኋቸው እንኳ አላስታውስም። እጄ ነው የሚያውቃቸው።

ባለጉዳይ እንዴት እንደሚመጣ ታውቁታላችሁ። ችሎቱ 3፡00 ነው፤ እሱ 2፡15 ላይ እየሮጠ ይገባል። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ እየዘረጋ ያወራኛል፤ እኔ እሰማለሁ፣ ጣቴ ይጽፋል። ያ ሁሉ የሚሆነው በአቋራጮቼ ነበር።

ባለፈው ወር ኮምፒውተሬ አልነሳም አለ። የሚጠግንልኝ ልጅ አይቶ «ይቺ አልቃለች» አለኝና ያገለገለ ላፕቶፕ ከአዲስ ዎርድ ጋር አመጣልኝ። ሰነዶቼን በሙሉ ገልብጦልኛል፤ አንድም አልጎደለም። የድሮውን ሃርድ ዲስክ በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ። የጎደሉት አቋራጮቼ ብቻ ናቸው። ስጠይቀው «ምን አቋራጭ?» አለኝ። አልፈረድኩበትም፤ ልጁ ዎርድ 2003ን አይቶት ይሁን እንጃ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አንዲት እናት መጡ። መዝሙር ዝግ አድርጌ ከፍቻለሁ። እየጻፍኩ መጨረሻው ላይ ደረስኩ፤ «ማረ» አልኩና ኤፍ 3 ተጫንኩ። ማያው ላይ የድምፅ ምልክት ብቅ አለ፤ መዝሙሩ ቤቱን ሞላው። እትዬ «አሜን» አሉ። «ማረ» ብቻዋን ወረቀቱ ላይ ቁጭ ብላለች።

የድሮው ሜኑ የለም። ኢንሰርትን ከፈትኩ፤ ሥዕል አለ፣ ሠንጠረዥ አለ፣ ቪዲዮ ሳይቀር አለ። ኦቶቴክስት የሚል ግን አላየሁም። አስቀርተውት ነው? ካለስ የድሮዎቹ ከዚያ ከሞተው ኮምፒውተር ሊወጡ ይችላሉ? አሁን አንዱን ክስ የምጨርሰው በእጥፍ ሰዓት ነው። እባካችሁ።

*

ታዛቢው፦

የድሮ ፋይል ከፍተሽ ኮፒ ፔስት አድርጊ። አለቀ።

*

የማርቆሷ ጸሐፊ፦

ወንድሜ፣ ሞክሬዋለሁ። ባለፈው ሐሙስ ከአንድ የቤት ሽያጭ ውል ላይ አንቀጽ ስገለብጥ የሌላ ሰው የቦታ ስፋት አብሮ መጣ። 200 ካሬ ሜትሩ 160 ሆኖ ታተመ። ደግነቱ ገዢው መነጽር አድርጎ የሚያነብ ሰው ነው። ባያነበው ኖሮ እኔ ራሴ ተከሳሽ ሆኜ ክሴን ራሴ እጽፍ ነበር።

*

ቦርድ ጠጋኝ (አዳማ)፦

እህቴ አይዞሽ። ኦቶቴክስት አልቀረም፤ ጓዳ ገብቶ ነው።

ዎርድ 2007 ሲመጣ ሜኑው ሁሉ ተነቅሎ ሪበን በሚባለው፣ ከላይ በተደረደረው የምልክቶች ሰሌዳ ተተካ። ያኔ ኦቶቴክስት ቢልዲንግ ብሎክስ በሚባል ትልቅ ዕቃ ቤት ውስጥ ተጨመረ፤ ከፊት ለፊት የሚታይ ቦታ አልተሰጠውም። የስሙን መጀመሪያ ስትጽፊ ብቅ ትል የነበረችው ቢጫ ፍንጭም በ2007 ቀረች። በ2010 ሁለቱም ተመለሱ። ስለዚህ አንቺ ጋ ያለው ዎርድ ከ2010 ወዲህ ከሆነ ኢንሰርት፣ ከዚያ በቀኝ በኩል ክዊክ ፓርትስ፣ እሱን ስትከፍቺ ኦቶቴክስት ታገኛለሽ። ማያው ጠበብ ካለ ክዊክ ፓርትስ ትንሽ ሥዕል ብቻ ሆኖ ነው የሚታየው። ለዚያ ይሆናል ያላየሽው።

ኤፍ 3ም እንደ ድሮው ነው። መዝሙሩ የጮኸው በላፕቶፑ ምክንያት ነው። ላፕቶፕ ላይ የላይኛው ረድፍ ለድምፅና ለብርሃን ተሰጥቷል። ከታች በግራ በኩል ኤፍኤን የምትል ቁልፍ አለች፤ እሷን ይዘሽ ኤፍ 3 ተጫኚ። አንዳንዱ ላፕቶፕ ኤፍኤንና ኢስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ ይቆለፍና ሁልጊዜ መያዝ አያስፈልግም።

አዲስ ለማስገባት፦ አንቀጹን ምረጪ፣ ኦልትና ኤፍ 3 ተጫኚ፣ ስም ስጪ። ሳጥኑ ውስጥ ጋለሪ በሚለው ቦታ «ክዊክ ፓርትስ» ተብሎ ይመጣል፤ እሱን ወደ «ኦቶቴክስት» ቀይሪው። «ሴቭ ኢን» የሚለውንም ኖርማል አድርጊው። ቢጫዋ ፍንጭ የምትመጣው በኦቶቴክስት ለተቀመጡት ነው።

አሁን ወደ ድሮዎቹ። ሃርድ ዲስኩ በፌስታል አለሽ አይደል? እንዳትጥይው! አቋራጮችሽ ያሉት ኖርማል ዶት (Normal.dot) በሚባል አንድ ትንሽ ፋይል ውስጥ ነው። በድሮው ዊንዶውስ ኤክስፒ፣ በተጠቃሚው ስም ፎልደር ሥር፣ አፕሊኬሽን ዳታ፣ ማይክሮሶፍት፣ ቴምፕሌትስ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ፎልደሩ ድብቅ ስለሆነ ልጁ የተደበቁ ፋይሎችን እንዲያሳይ ያድርገው። ፋይሉን ገልብጣችሁ ስሙን ኦቶቴክስት ዶት (AutoText.dot) በሉት። አዲሱ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን አንድ ላይ ተጭነሽ፣ «አፕዳታ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከፊትና ከኋላው የፐርሰንት ምልክት አድርገሽ ጻፊ። የሚከፈተው ውስጥ ማይክሮሶፍት፣ ዎርድ፣ ስታርታፕ አለ። እዚያ አስቀምጪውና ዎርድን ዘግተሽ ክፈቺ። ይመጣሉ።

*

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እኔ ሜሪላንድ ነኝ፤ የሰነድ ተርጓሚ ነኝ። የልደት ካርድና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ስተረጉም ነው የምውለው። ከኤፍ 3 ይልቅ ኦቶኮሬክትን ብትጠቀሚ ይሻልሻል የእኔ እመቤት። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ፕሩፊንግ፣ ኦቶኮሬክት ኦፕሽንስ። በግራ አጭሩን፣ በቀኝ ረጅሙን ታስገቢያለሽ። ከዚያ አጭሩን ጽፈሽ ስፔስ ስትመቺ ራሱ ይቀየራል። ኤፍኤን የለ፣ ምን የለ።

ሁለት ነገር ግን እወቂ። ተራ ጽሑፍ ከሆነ ከ255 ፊደል በላይ አይቀበልም፤ የገደቡ አንቀጽሽ ላይገባ ይችላል። ሌላው፣ ዝርዝሩ ለየቋንቋው ለየብቻ ነው። በሳጥኑ አናት ላይ የቋንቋው ስም ተጽፏል። እንግሊዝኛ በሚለው ላይ አስገብተሽ በአማርኛ ኪቦርድ ስትጽፊ አልሠራም ቢልሽ በዚህ ነው። እኔ ይህን እስካውቅ ሁለት ሳምንት ኮምፒውተሩን ስረግም ነበር።

*

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ እኔ ፍርድ ቤት በኦሊቬቲ ታይፕ የጻፍኩ ሰው ነኝ። የእኛ አቋራጭ ስቴንስል ነበር፤ ራስጌውን አባዝተን ስሙን ክፍት እንተወው ነበር። ስለ ኮምፒውተሩ ልጆቹ ነግረውሻል። እኔ የምለው፣ መቶውንም በወረቀት ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊ። ሳጥን ይሞታል።

*

የማርቆሷ ጸሐፊ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉት ይለጠፋል።

ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሼ ነው የምጽፈው። ብዙ ነገር ሆኗል።

መጀመሪያ የኦቶኮሬክቱን ልንገራችሁ፤ ምክሩ ቀላል ስለመሰለኝ በእሱ ጀመርኩ። ለነገሩ ኦቶኮሬክትን ከጠላሁት 14 ዓመቴ ነው። ድሮ ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ስጽፍ፣ ዓረፍተ ነገር ስጀምር ዎርድ «አቢይ ሆሄ ላድርግልሽ» ብሎ የመጀመሪያዋን ፊደል ወደ ሌላ የአማርኛ ፊደል ይቀይርብኝ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ነው የዘጋሁት። አሁን ግን የሲልቨር ስፕሪንጓን እህቴን አምኜ ከፈትኩት። «ማረ»ን አስገባሁ፣ ስፔስ፣ መጣ። ደስ አለኝ። «ከሳ» ለከሳሽ፣ «ጸና»ም ገባች።

በነጋታው አንድ ባለጉዳይ መጣ። ስም? «ማረ።» ጎጃም ውስጥ ማረ የሚባል ሰው ስንት እንደሆነ ለማን ይነገራል! እኔ እየሰማሁ እጽፋለሁ፣ ዓይኔ እሱ ላይ ነው። ቀና ብዬ ማያውን ሳይ «ከሳሽ፦ አቶ ያቀረብኩት ክስ በፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ. 92 መሠረት በእውነት የቀረበ መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል። አድራሻ፦ ደብረ ማርቆስ።

እሱን አስተካክዬ ወደ ፍሬ ነገሩ ገባሁ። የበሬ ጉዳይ ነው፤ ጎረቤት ተውሶ መልሶታል፣ ግን «በሬው ከሳ»። ገብቷችኋል መቼም። በሬው ከሳሽ ሆነ።

ማረ በጣም ሳቀ። እኔ ግን ደነገጥኩ፤ እሱ የታየው ነው፣ ያልታየው ስንት ይኖራል? ስለዚህ ሦስቱንም ሰረዝኳቸው። እህቴ አትቀየሚኝ፤ አንቺ የምትጽፊው በእንግሊዝኛ ነው፣ አጭሩ ትርጉም አይኖረውም። በአማርኛ ግን ሁለት ፊደል ብትይ ሦስት፣ ወይ የሰው ስም ነው፣ ወይ ግስ ነው። «ማረረ» ላድርጋት ብዬ አስቤ ነበር፤ እሷም ቃል ናት። ኤፍ 3 ካልጠሩት አይመጣም። ኦቶኮሬክት ሳይጠሩት ይመጣል። ልዩነቱ ይኼ ነው ለእኔ።

ከዚያ ወደ ሃርድ ዲስኩ። ልጁ በኬብል አያይዞ ፋይሏን አገኛት! አዳማ ያለኸው ወንድሜ እንዳልከው ስታርታፕ ውስጥ አስገባናት። ቢልዲንግ ብሎክስን ከፈትኩ፤ ሞልተዋል። እልል ልል ነበር። ግን አንዱም አይነበብም። ስሞቹ ነጥብና ቅንፍ የተቀላቀለባቸው የእንግሊዝኛ ፊደሎች ናቸው። «ማረ» ብዬ ኤፍኤንና ኤፍ 3 ብጫን ምንም። አንዱን በማውዝ መርጬ ሳስገባው ወረቀቱ ላይም ያው ቡችርችር ነው።

እሱ አልበቃ ብሎ፣ ትናንት ከሰዓት ቁጭ ብዬ 12 አዳዲስ አቋራጮች በእጄ አስገባሁ። 10 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ ያገለገለ ነው፤ ወዲያው ድርግም አለ። መብራት ሲመጣ 12ቱም የሉም። ሰነዱ እንኳ ተመልሶልኛል፤ አቋራጮቹ ግን የሉም። ይኼስ ምንድነው?

*

ቦርድ ጠጋኝ (አዳማ)፦

የበሬው ከሳሽነት ለሠራተኞቼ አንብቤላቸው ሥራ ቆሟል።

በመብራቱ ልጀምር። አቋራጭ ስታስገቢ ወዲያው ዲስክ ላይ አይጻፍም። ዎርድ በማህደረ ትውስታ ይዞት ይቆይና ሲዘጋ ነው ኖርማል ዶትኤም (Normal.dotm፣ የአዲሱ ዎርድ ኖርማል ዶት) ላይ የሚጽፈው። ዎርድ ከመዘጋቱ በፊት መብራት ከሄደ አብሮ ሄደ። የሰነዱ ሴቭ አይሸፍነውም። አምስት ስድስት ባስገባሽ ቁጥር ዎርድን ሙሉ በሙሉ ዝጊው፤ «ላስቀምጥ?» ብሎ ከጠየቀሽ አዎ በይ፤ እንደገና ክፈቺ። መብራት እንደኛ በሚሄድበት አገር ይኼ ግዴታ ነው።

ቡችርችሩ ደግሞ ራስሽ መልሰሽዋል፤ ቪዥዋል ግዕዝ አልሽ። ያ የድሮ ፎንት ከዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የየራሱን ቁጥር ከሚሰጠው የዓለም የጋራ ኮድ) በፊት የነበረ አሠራር ነው። የአማርኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ፊደልና ምልክት ቦታ ነበር የሚጠቀሙት። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ነው፤ ፎንቱ የአማርኛ ልብስ ያለብሰዋል። «አቢይ ሆሄ ላድርግልሽ» ይልሽ የነበረውም ለዚያ ነው፤ ምስኪኑ ዎርድ እንግሊዝኛ የምትጽፊ መስሎታል። አሁን አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ፎንቱ ስለሌለ ልብሱ ወልቋል። ኤፍ 3 ያልሠራውም በዚሁ ነው፤ ዛሬ በዩኒኮድ የጻፍሻት «ማረ» እና ያኔ የተመዘገበችው «ማረ» ለዓይንሽ አንድ ናቸው፣ ለማሽኑ ግን አይተዋወቁም።

የድሮውን ፎንት ከሃርድ ዲስኩ የዊንዶውስ ፎንትስ ፎልደር ውስጥ ገልብጣችሁ ጫኑት። ያኔ ስታስገቢው ይነበባል። ስሙን ደግሞ ክዊክ ፓርትስ ውስጥ ቢልዲንግ ብሎክስ ኦርጋናይዘርን ከፍተሽ፣ ኤዲት ፕሮፐርቲስ ብለሽ በአዲሱ ኪቦርድ መቀየር ትችያለሽ። ሆኖም እውነቱን ልንገርሽ፤ ስሙ ቢቀየርም ውስጡ ያው የድሮ ኮድ ነው። ዛሬ ለጠበቃ በቴሌግራም ስትልኪለት እሱ ጋ ቡችርችር ሆኖ ይከፈታል። የምትወጃቸውን አንብበሽ በዩኒኮድ እንደገና ጻፊያቸው። ሌሎቹን ተያቸው።

*

ፔንግዊን፦

ሊብረኦፊስ የሚባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ነጻ ነው፤ እሱም ኦቶቴክስት አለው። ኮንትሮልና ኤፍ 3 ማዘጋጃውን ይከፍታል፣ አጭሩን ጽፈሽ ኤፍ 3 ስትጫኚ ይዘረጋል። ላፕቶፑ ግን ያው ኤፍኤን ይጠይቅሻል።

*

የማርቆሷ ጸሐፊ፦

ፔንግዊን፣ አመሰግናለሁ፤ አሁን ሌላ ቤት የምቀይርበት አቅም የለኝም።

ፎንቱ ተጫነ፣ ተነበቡ። ማታ ማታ እያነበብኩ ነው። ግማሾቹ አሳቁኝ። «ቴሌ» የሚል አለ፤ ስከፍተው የተቋረጠ የቤት ስልክ እንዲቀጠልልኝ የሚል ማመልከቻ ነው። ስንት ዓመቱ ነው? አንዱ ደግሞ የአንድ ጠበቃ ሙሉ አድራሻ ነው፤ ነፍሳቸውን ይማር፣ ጥሩ ሰው ነበሩ፣ ሁልጊዜ ቀድመው ይከፍሉ ነበር። እሱን አልሰረዝኩትም።

ከመቶ ምናምኑ በእውነት የምጠቀምባቸው 41 ሆኑ። እነሱን በዩኒኮድ ጽፌ አስገባሁ፤ በየአምስቱ ዎርድን እየዘጋሁ። ቢጫዋ ፍንጭ እንደሆነች ለእኔ አትመጣም፤ አራት ፊደል እስኪጻፍ ትጠብቃለች፣ በአማርኛ አራት ፊደል ሲደርስ ቃሉ ራሱ አልቋል። ያለ እሷም እሠራለሁ። ዝርዝሩን አትሜ ከፕሪንተሩ በላይ ለጥፌዋለሁ ጋሼ። ኖርማል ዶትኤምንም ፍላሽ ላይ ገልብጬ ቤት ወሰድኳት፤ ከእንግዲህ ለማንም ፌስታል አላምናትም።

ኤፍኤንና ኢስኬፑ እኔ ጋ አልሠራም። ስለዚህ ኤፍኤኗ ላይ በቀይ ኩቴክስ ነጥብ አድርጌባታለሁ። ዛሬ ጠዋት ሦስት ክስ ጻፍኩ፤ መዝሙሩ የጮኸው አንዴ ብቻ ነው።